ለቤት ፊልም ማያ፣ ያለኝን ታብሌት ልጠቀም ወይስ ሚኒ ፒሲ ልግዛ?

ማታ_ተመልካች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቴሌቪዥናችን 4ኬ ነው፣ የራሱ ሲስተም ግን በጣም ዘገምተኛ ሆኗል፤ አንዳንድ ፋይል ጭራሽ አይከፍትም። ሃርድ ዲስክ ላይ የሰበሰብኳቸው ብዙ ፊልሞች አሉኝ። ብዙም የማልነካው አንድሮይድ ታብሌትም አለኝ። እሱን በኬብል ከቴሌቪዥኑ ጋር ላገናኘው ወይስ ሚኒ ፒሲ ይሻላል? ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ሊውል ስለሚችል መብራት የማይበላ ነው የምፈልገው። ልጆቹም ራሳቸው ከፍተው እንዲያዩበት።

ሽቦ_ፈቺ፦
መጀመሪያ የታብሌቱን ቻርጅ መሰኪያ አጣራ። ዩኤስቢ-ሲ ስለሆነ ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም። ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ የሚባለው፣ በዚያው መሰኪያ ምስል የሚያወጣው ነገር ያስፈልገዋል፣ ርካሽ ታብሌቶች ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ገዝቼ ብሰካው፣ ብነቅለው፣ መልሼ ብሰካው፣ ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ከማለት አልወጣም። የተበላሸ መስሎኝ ሁለተኛ ሁሉ ገዝቻለሁ።

ሌላው ባትሪው ነው። ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ 100 ፐርሰንት ላይ ሲቆይ፣ በዚያ ላይ ሲሞቅ፣ ቶሎ ያረጃል፣ ሊያብጥም ይችላል። ጀርባው አበጥ ካለ መጠቀም አቁም፣ እባክህ። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዝም_ያለ_ፋን፦
ለቴሌቪዥን ከሆነ እኔ ሚኒ ፒሲ ነው የምልህ። በፈረንጆቹ 2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያለበትን ፈልግ። ፕሮሰሰሩ 6 ዋት የተመደበለት ነው፣ ኤችኢቪሲንም ኤቪ1ንም (ቪዲዮ የሚታመቅባቸው ዘዴዎች ናቸው) በሃርድዌር፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራ ክፍል፣ ይፈታል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በሃርድዌር የማይፈታ ማሽን ሁሉንም ሥራ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጭነዋል፣ ከዚያ ፋኑ ይጮኻል፣ 4ኬው ይቆራረጣል፣ መብራቱም ይበላል። የመብራቱን ነገር ደግሞ ራስህ አስላው፤ 10 ዋት የሚወስድ ዕቃ 24 ሰዓት ቢበራ 0.24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማንም በማያይበት ሰዓት ስሊፕ ብታደርገው ከዚያም ይቀንሳል።

ሪሞት_ይዤ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ሚኒ ፒሲም ጣጣ አለው። አብዛኞቹ ሲኢሲ (የሪሞቱን ትእዛዝ በኤችዲኤምአይ ኬብል የሚያስተላልፈው) ስለሌላቸው የቴሌቪዥኑ ሪሞት አያዛቸውም። ትንሽ ገመድ አልባ ኪቦርድ ያስፈልግሃል። ኔትፍሊክስን የመሰሉ ነገሮች የምታዩ ከሆነ ደግሞ የታብሌቱን ዋይድቫይን (ቪዲዮ እንዳይቀዳ የሚጠብቅ ሲስተም) ደረጃ እይ። ኤል1 ከሆነ ኤችዲ ያገኛል፣ ኤል3 ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ጥራት፣ 480ፒ ላይ ይቀራል። ሊኑክስ የጫንክበት ሚኒ ፒሲም በዚህ በኩል 4ኬ አይሰጥህም። ለራስህ ፋይሎች ግን ይህ ሁሉ አይመለከትህም፣ ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ጭነህ ዝም ብለህ እይ።

ማታ_ተመልካች፦
በጣም አመሰግናለሁ። የታብሌቱን መሰኪያ አየሁት፣ ምስል አያወጣም። የምናየው በብዛት የራሳችንን ፋይል ስለሆነ ወደ ሚኒ ፒሲው አዘንብያለሁ። ታብሌቱን እንደ ሪሞት ልጠቀምበት እችላለሁ?

ሪሞት_ይዤ፦
በደንብ! ኮሬ የሚባል፣ ኮዲን እንደ ሪሞት የሚያዝ መተግበሪያ አለ፣ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ ይሠራል። ልጆቹ ፖስተሩን ነክተው ፊልሙን ያስጀምራሉ።

ሽቦ_ፈቺ፦
ስትገዛ ኤችዲኤምአዩ 2.0 መሆኑን አረጋግጥ። 1.4 ከሆነ 4ኬ ላይ 30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ምስል) ብቻ ነው የሚሰጥህ።