በመድረክ ከተቀረጹ የሮክ አልበሞች የምትወዱት የትኛው ነው? የታዳሚውስ ድምፅ ይግባ ወይስ ይውጣ?

ባለ ሚክሰሩ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ውስጥ ለሠርግና ለምርቃት የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ፤ ሚክሰሩ (የየመሣሪያውን ድምፅ የሚያደባልቀው ማሽን) ላይ የምቆመውም ራሴ ነኝ። ሰሞኑን ግን ለየት ያለ ሥራ መጥቶልኛል። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ኪቦርድና አንድ ማሲንቆ ያላቸው ወጣቶች በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሊጫወቱ ነው። አንዱን ዜማ ሩብ ሰዓት ያህል ሲዘረጉት፣ ሲሰብሩትና መልሰው ሲገጥሙት የሚያመሹ ልጆች ናቸው። «ጨዋታችንን ቅረጽልን» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

የማማክራችሁ ሁለት ነገር ነው። ከሮክና ከፕሮግረሲቭ ሮክ (ዜማውን እያረዘመና እየለዋወጠ ከሚጫወተው የሮክ ዓይነት)፣ በመድረክ ላይ ከተቀረጹ አልበሞች የምትወዱት የትኛው ነው? ደግሞስ ለታዳሚው ለብቻው ማይክሮፎን ላቁም ወይስ ከሚክሰሩ የሚወጣው ይበቃል?

የእኔን ላስቀድም (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል «ሜድ ኢን ጃፓን» ነው። በ1972 ኦገስት፣ ሁለት ምሽት ኦሳካ፣ አንድ ምሽት ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ ተቀረጸ። ቀረጻውን የያዘው ማርቲን በርች ነው፤ በኋላ የአይረን ሜይደንን ታላላቅ አልበሞች የሠራው ሰው። «ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ውማን» የሚለው ዘፈን መሀል ላይ ሲደርስ ዘፋኙ ኢያን ጊላን በጉሮሮው አንዲት ሐረግ ያወጣል፣ ሪቺ ብላክሞር በጊታሩ ይመልስለታል። ጊላን ከፍ ሲያደርገው ጊታሩም ይከተለዋል፤ ጊላን ሲያጣምመው ጊታሩም ያጣምመዋል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን የሚያስረዳው አያስፈልገውም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው አዋዝቶ ይመልሳል፣ ግጥሙ ሰም ለበስ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ይናጋል። ያ ሳቅ ከቅጂው ቢወጣ የሚተርፈው ግማሽ ጨዋታ ነው።

«ቻይልድ ኢን ታይም»ን ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት ስሙት። ጆን ሎርድ ኦርጋኑን ብቻውን ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ስቱዲዮ ጸጥ ሲል ባዶ ነው፤ ይህ ጸጥታ ግን ሰው ያለበት ነው። ከዚያ ውስጥ የጊላን ድምፅ በለሆሳስ ይነሳና እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጣሪያ ይነካል። በዚሁ አልበም ላይ ጊላን ለድምፅ ባለሙያው፣ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር በላይ እንዲጮህለት ሲጠይቅም ይሰማል። ሚክሰር ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የባልደረባዬን ፊት የማይ ይመስለኛል።

አዘዞ

ወንድሜ፣ ማይክሮፎኑን አቁም! ምን ያጠያይቃል?

የእኔ ምርጫ «ዘ ሁ» የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ «ላይቭ አት ሊድስ» ነው። ፌብሩዋሪ 14፣ 1970፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ የተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ። መጀመሪያ ሲወጣ ስድስት ዘፈን ብቻ ነበረው፤ ሽፋኑም በድብቅ ተባዝቶ የሚሸጥ ሸክላ እንዲመስል ሆን ተብሎ ተራ ቡናማ ተደረገ። ቅጂው ላይ የሚንጣጣ ድምፅ ነበር። እነሱ ግን ሸክላው ላይ ባለው ወረቀት፣ መንጣጣቱ ችግር እንደሌለውና እንዳይታረም ጻፉበት። ይህን ድፍረት እወደዋለሁ።

ለሥራህ የሚጠቅምህ ግን ሌላው ታሪክ ነው። በማግስቱ ሃል በምትባል ከተማም ተጫውተው ቀርጸው ነበር። የሃሉ ቴፕ ሲሰማ በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ የጆን ኤንትዊስል ቤዝ የለም፤ አልተቀረጸም። አልበሙ የሊድስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱን ቻናል (የየመሣሪያውን የድምፅ መስመር) ለብቻው ከፍተህ በጆሮህ ስማ። መብራቱ በርቷል ብለህ አትመን።

ማራኪ ግቢ

ጋሼ ባለ ሚክሰሩ፣ እኔ ከአዘዞ ጋር አልስማማም። የታዳሚ ጩኸት ብዙ ደካማ አልበሞችን ሲሸፍን ሰምቻለሁ። ሰዉ ስለጮኸ ብቻ ጥሩ ተጫውተዋል ብለን እናምናለን።

በ1974 የወጣውን፣ ኪንግ ክሪምሰን የሚባለውን ባንድ «ስታርለስ ኤንድ ባይብል ብላክ» ያዳምጡት። ብዙ ሰው የስቱዲዮ ሥራ ይመስለዋል። ሙሉ በሙሉ በስቱዲዮ የተሠሩት ግን ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፤ የቀረው አብዛኛው ከመድረክ የተወሰደ ነው። ጭብጨባውንና ጩኸቱን አውጥተውት ነው እንጂ ፊት ለፊታቸው ሰው ሞልቶ ነበር። በኖቬምበር 1973 አምስተርዳም ኮንሰርትኸባው አዳራሽ ከተጫወቱት መካከል «ትሪዮ» የሚባል አለ። አስቀድሞ ያልተዘጋጀ፣ እዚያው መድረክ ላይ የተወለደ ሙዚቃ ነው። የዴቪድ ክሮስ ቫዮሊን፣ የጆን ዌተን ቤዝ፣ የሮበርት ፍሪፕ ሜሎትሮን (በቴፕ የተቀዱ ድምፆችን የሚያወጣ ኪቦርድ)። ድራመሩ ቢል ብሩፎርድስ? ዱላዎቹን ደረቱ ላይ አነባብሮ ዝም አለ፤ ቢነካው እንደሚያበላሸው ገብቶታል። ባንዱም ስለዚህ ዝምታው ከደራሲዎቹ እንደ አንዱ ስሙን ጻፈለት። እኔ በሙዚቃ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋነት አላውቅም። ለልጆቹ ድራመር ይንገሩልኝ።

ይህን የማነሳው ማሲንቆ ስላላቸው ነው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። ቫዮሊኑ ያን ያህል ጥርት ብሎ የሚሰማው በዙሪያው ቦታ ስለተተወለት ነው። ታዳሚው በፉጨትና በጭብጨባ ቢሞላበት ምን ይተርፈው ነበር?

ይሁንና ከሚክሰሩ የሚወጣው ብቻ ይበቃል ማለቴም አይደለም። ይኸው ባንድ በ1972 «ኧርዝባውንድ» የሚል አልበም አወጣ፤ ከሚክሰሩ በቀጥታ በካሴት የተቀዳ ነው። ጨዋታው ኃይለኛ ነው፤ ድምፁ ግን ታፍኗል፣ ተጨማድዷል። ደጋግሜ ለመውደድ ብጥርም ጆሮዬ እምቢ ይለኛል።

ጃን ተከል

ታዳሚ ጭራሽ ባይኖርስ? ፒንክ ፍሎይድ በ1971 ኦክቶበር ፖምፔይ በሚገኘው ጥንታዊ የሮማውያን አምፊቲያትር፣ በድንጋይ መቀመጫዎቹ ላይ ሰው ሳይኖር፣ ለካሜራ ብቻ ተጫወቱ። መጀመሪያ የሚበቃ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ገመድ ተዘርግቶ ነው የተጀመረው። የድምፅ ቅጂው በሙዚቀኛውና በድምፅ ባለሙያው ስቲቨን ዊልሰን እንደገና ተስተካክሎ በ2025 ወጥቷል። «ኤኮስ»ን በእሱ ስማ። የፋሲል ግቢን ግንብ በየቀኑ እያየን ለምናልፍ ሰዎች ያ ድንጋይ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ቀን እዚህም ቢደረግ ብዬ እመኛለሁ።

ጄኔሬተር ግን አዘጋጅተሃል?

ባለ ሚክሰሩ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጄኔሬተሩ አለ፤ ድምፁ ወደ ማይክሮፎን እንዳይገባ ከአዳራሹ ጀርባ ይቆማል።

እህቴ ማራኪ፣ «ትሪዮ»ን ሁለት ጊዜ አከታትዬ ሰማሁት። እውነትሽን ነው፤ ቫዮሊኑ በዝምታው ውስጥ ይተነፍሳል። ለድራመሩም ልኬለታለሁ። ነገር ግን አንቺም የኦልማን ብራዘርስን «አት ፊልሞር ኢስት» ስሚልኝ። ማርች 1971፣ ኒውዮርክ። «ዩ ዶንት ላቭ ሚ» ላይ ሁሉም ዝም ብለው ዱዌን ኦልማን ብቻውን ሲጫወት፣ ከታዳሚው አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጫወቱ ይጮሃል። ሰውየው ሙዚቃውን አልሸፈነም፤ ጊታሩ ትንፋሽ በሰበሰበበት ቦታ ገባ። ዱዌን በዚያው ዓመት ኦክቶበር በሞተር ብስክሌት አደጋ በ24 ዓመቱ ሞተ። ያን ጩኸት ማን ደፍሮ ይቆርጠዋል? እኔ አልቆርጠውም።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ትራክ (ለብቻው በሚቀዳ መስመር) ይቀረጻል። ለታዳሚው ሁለት ማይክሮፎን፣ መድረኩ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው ይቆማሉ፤ እነሱም ትራካቸው ለብቻ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት አዳራሹ መጨረሻ ላይ ለማቆም ነበር። ነገር ግን ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ነው፤ ሃያ ሜትር ርቆ የቆመ ማይክሮፎን ድራሙን 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይሰማዋል። ሁለቱ ሲደባለቁ እያንዳንዱ ምት ጥላ ያወጣል። በኮምፒውተር ወደ ኋላ ስቦ ማስተካከል ይቻላል፤ ከመድረኩ አጠገብ ከሆነ ግን ችግሩ ከሥሩ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር የታዳሚውን ትራክ ዝቅ አደርጋለሁ፤ አልዘጋውም። ዜማው ሲገጥም መልሼ እከፍተዋለሁ።

አዘዞ፣ ቻናሎቹን አንድ በአንድ እሰማለሁ፤ ቤዙን ሁለት ጊዜ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው። አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ማሲንቆ ተጫዋቹ የሚቀመጠው ከድራሙ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው። ማይክሮፎኑን ወደ ቆዳው ሳስጠጋው የጭራው መፋቅ ይበዛል፤ ሳርቀው ደግሞ የድራሙ ሳህን ይገባል። ከድራም ጋር ማሲንቆ ቀርጾ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ማይክሮፎኑን የት ላይ እንዳቆመው ይጻፍልኝ።

አዘዞ

ከጎኑ ሞክረው። ቆዳውን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ማይክሮፎኑ ለድራሙ ጀርባውን ሰጥቶ። ተጫዋቹንም ትንሽ ዞር አድርገህ አስቀምጠው፤ ገላው ራሱ ይከልላል። ካልሆነ ደውልልኝና መጥቼ አብረን እናየዋለን።