ለተክሊልና ለሠርግ ያገለገለ ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባይ ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ልገዛ ነው፦ ካነን 5ዲ ማርክ 4 ወይስ ኒኮን ዲ850?

የሐዋሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሠርግ የማነሳው በካነን 80ዲ ነው። ሐይቅ ዳርና መስክ ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ተክሊል ላይ ግን እቸገራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ የማነሳባቸው ቦታ ያሉ አባቶችም ፍላሽ አይፈቅዱልንም። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 ሳደርሰው ጥላው ሁሉ ኖይዝ (ሻካራ ነጠብጣብ) ይሆናል፤ ሙሽሮቹ ሲራመዱ ደግሞ ፎከሱ ይስትብኛል። ያሉኝ ሌንሶች 18-135፣ 50 ኤፍ 1.8 እና 70-200 ኤፍ 2.8 ናቸው፤ ሁሉም የካነን። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ 5ዲ ማርክ 4 እና ያገለገለ ዲ850 አግኝቻለሁ፤ ኒኮኑ በዋጋ ከፍ ይላል። «የኒኮኑ 45 ሜጋፒክስል እያለ የካነኑን 30 ለምን ትገዣለሽ?» የሚሉኝ አሉ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ብርሃን ፈላጊ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሌንስሽን እንይ። 18-135 ዙም ስታደርጊው ኤፍ 5.6 ይደርሳል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፍቶ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ኤፍ 2.8 ሌንስ ከዚያ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ 6400 የጠየቀሽ ቦታ በ1600 ይነሳ ነበር ማለት ነው። ፎከሱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ80ዲም በማርክ 4ም መሀል ላይ ያሉት ዋናዎቹ የፎከስ ነጥቦች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የሰፋ ሌንስ ሲገጠም ነው። በ70-200 ስታነሺ ያን ያህል ይስትብሻል?

የፉል ፍሬም ጥቅም ግን እውነተኛ ነው። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ80ዲ 22.5 በ15። በስፋት 2.5 እጥፍ ይበልጣል፤ በተመሳሳይ ኤፍና ፍጥነት የሚሰበስበው ብርሃንም በዚያው ልክ ነው። አሁን 6400 ላይ የሚያስቸግርሽን ኖይዝ ፉል ፍሬም ላይ የምታገኚው ወደ 16000 ስትጠጊ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ 18-135 ኢኤፍ-ኤስ (ለትንሽ ሴንሰር ብቻ የተሠራ) ስለሆነ ማርክ 4 ላይ አይገጥምም። 50 እና 70-200 ይገጥማሉ። 80ዲ ላይ እንደ 80 ጠቦ የሚያሳይሽ 50፣ እዚያ ላይ እውነተኛ 50 ሆኖ ቅኔ ማሕሌቱን ሰፋ አድርጎ ይይዝልሻል።

የሐዋሳዋ፦
በ70-200 አይስትም፣ ልክ ነህ! ችግሩ ከካሜራው ብቻ መስሎኝ ነበር። እንግዲያው ለሰፊው እይታ ሌላ ሌንስ መግዛት አለብኝ ማለት ነው።

ኒኮን ብቻ፦
እኔ ዲ850 ይዤ ነው የምሠራው፤ ያለውን እውነት ልናገር። በ2017 ሲወጣ ከዲኤስኤልአሮች ሁሉ ምርጡ ነው ያሉት ብዙ ነበሩ፤ እኔም ዛሬ ድረስ እስማማለሁ። 153 የፎከስ ነጥብ አለው፣ 99ኙ መስቀል ቅርጽ (በቁመትም በአግድምም የሚለኩ) ናቸው። የመሀሉ ነጥብ እስከ −4 ኢቪ (የብርሃን መለኪያ፤ ሲወርድ ጨለማው ይበረታል) ጨለማ ያያል፤ የማርክ 4 እስከ −3 ነው። ነጭ ቬሎና ጥቁር ካባ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ፣ በአይኤስኦ 64 ካነሳሽ በኋላ ከጥላው የምታወጪው ዝርዝር ያስደንቅሻል። የኋላ ቁልፎቹ በጨለማ ይበራሉ፤ ስክሪኑም ስለሚታጠፍ በሰው ራስ ላይ አንስተሽ ታያለሽ። ባትሪውም በሲፓ (የካሜራ ፋብሪካዎች የጋራ) መለኪያ 1840 ፎቶ ያነሳል፤ የማርክ 4 በዚያው መለኪያ 900 ነው።

ነገር ግን እጅሽ ላይ ያለው ሁሉ የካነን ነው። ያንን ሸጠሽ ኒኮን 24-70 እና 70-200 ስትገዢ ከካሜራው በላይ ሊያስወጣሽ ይችላል። በአንቺ ቦታ ብሆን አልቀይርም።

የአልበም ሠራተኛ፦
ስለ ሜጋፒክስል እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ አልበምና ትልልቅ ፎቶ ማተም ነው። የማርክ 4 ፎቶ 6720 በ4480 ፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ወደ 57 በ38 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ሳሎን ለሚሰቀለው ትልቅ ፎቶም በ200 ዲፒአይ 85 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ደንበኛሽ ከዚህ በላይ አይጠይቅሽም። 45ቱ ሜጋፒክስል የሚያስፈልገው ለማስታወቂያ ሥራና አጥብቆ ክሮፕ ለሚያደርግ (ፎቶውን ለሚቆርጥ) ሰው ነው።

ወጪውንም አስቢው። የማርክ 4 አንድ ሮው ፋይል (ያልተሠራበት ጥሬ ፎቶ) ወደ 37 ሜጋባይት፣ የዲ850 ደግሞ በተጨመቀ ባለ 14 ቢት ሮው 50 ገደማ ነው። 2000 ፎቶ ብታነሺ አንዱ 74፣ ሌላው 100 ጊጋባይት ይሞላል። ላይትሩምሽ (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምሽ) አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሰማሽ።

ቪዲዮ ሠሪ፦
ቪዲዮም ትሠሪያለሽ? ማርክ 4 ፎር ኬ ሲቀርጽ ምስሉን ከ1.6 እጥፍ በላይ ክሮፕ ያደርጋል፤ በሴኮንድ 500 ሜጋቢት ስለሚጽፍም 64 ጊጋ ካርድ በ17 ደቂቃ ያልቃል። ዲ850 ፎር ኬን በሙሉ የሴንሰሩ ስፋት ይቀርጻል፣ ግን ቪዲዮ ላይ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ማርክ 4 በፉል ኤችዲ ፎከሱ ሙሽራዋን ተከትሎ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ለሠርግ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የሐዋሳዋ፦
ቪዲዮውን ሌላ ባለሙያ ነው የሚሠራው፤ እኔ ፎቶ ብቻ ነኝ። ወደ ማርክ 4 አዘንብያለሁ። ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልይ? ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት) ጠብቂ የሚሉኝስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ሜሪላንድ የሐበሻ ሠርግ አነሳለሁ። ሚረርለስ ጥሩ ነው፤ ከሁሉም በላይ ድምፅ አልባነቱን እወድለታለሁ፣ ጸሎት አይረብሽም። ግን አሁን ሥራ ካለሽ መጠበቅ አያስፈልግም። የምትገዢው ኢኤፍ ሌንስ ነገ ካነን አር (የካነን ሚረርለስ) ላይ በአዳፕተር አውቶፎከሱን ሳያጣ ይሠራል፤ ገንዘብሽ ሌንሱ ላይ አይባክንም። ማርክ 4 ላይም የድምፅ መቀነሻ ሞድ አለ። ቅዳሴ ላይ እሱን ተጠቀሚ።

ጠጋኙ፦
ልጄ፣ ስትገዢ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሲኤፍ ካርድ የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዪው፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ፒኖች አንዱ እንኳ ከተጣመመ ተዪው። የማርክ 4 ሻተር (ሲነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ለ150,000 ጊዜ የተፈተነ ነው፣ የዲ850 ለ200,000። ካነኑ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ፎቶው ውስጥ አይጽፍም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሚያነብ ፕሮግራም ነው የሚታየው። ሻጩ ይህን እንድታደርጊ ካልፈቀደ ሌላ ፈልጊ።

ቀጥሎ 70-200ሽን ይዘሽ ሂጂና ግጠሚው። በትራይፖድ፣ በኤፍ 2.8፣ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ጊዜ በቪውፋይንደር (በዓይን ማያው) አንድ ጊዜ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ) አንሺ። በላይቭ ቪው ጥርት ብሎ በቪውፋይንደር ከደበዘዘ ፎከሱ ተዛብቷል። ትንሽ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ባለው ማይክሮ አድጀስትመንት ይስተካከላል፤ ብዙ ከሆነ ካሜራው ወድቆ ሊሆን ይችላል። በኤፍ 16 ነጭ ግድግዳ ብታነሺ የሴንሰር አቧራ ይታይሻል፤ አቧራ ይጠረጋል፣ ጭረት ግን አይድንም። የሚሸጥልሽ ሰው ከየት እንዳመጣው ሰነድ ይኑረው፤ የተሰረቀ ካሜራ መዘዙ ብዙ ነው።

የሐዋሳዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ነው የምሄደው። 80ዲውን ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?

ብርሃን ፈላጊ፦
አትሽጪው። ባትሪው ከማርክ 4 ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ከ18-135 በቀር ሌንሶችሽም ለሁለቱም ይሆናሉ። 24-70 ኤፍ 2.8 ያገለገለ ፈልጊና ማርክ 4 ላይ አድርጊው፤ 70-200ን 80ዲ ላይ ስታደርጊው ከ112 እስከ 320 ሆኖ ከሩቅ ፊት ይይዛል። ለ24-70 ገንዘቡ ካልደረሰ 35 ኤፍ 2 ከ50ው ጋር ተክሊልን ይወጣል።

80ዲ ያለው አንድ የካርድ ቦታ ነው፤ ማርክ 4 ሲኤፍም ኤስዲም ይይዛል። ሠርግ አይደገምምና ሮውን በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አድርጊ፣ ቢዘገይም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኤፍ 2.8፣ በ1/160፣ ኦቶ አይኤስኦን እስከ 12800 ፈቅደሽ ጀምሪ። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የፍሎረሰንትና የኤልኢዲ መብራት በሀገራችን በ50 ኸርዝ ኮረንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ ፍሊከር የሚከላከለውን አማራጭ ሜኑ ላይ ክፈቺው፤ አለበለዚያ ከተከታታይ ፎቶዎች አንዱ ቢጫ አንዱ ጨለማ ይወጣብሻል።