የማዕድን ሙዚየሙ ምክረ ሐሳብ፦ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ምን ይይ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ «የሰሜን ሸዋ ማዕድናት በሙሉ ይታያሉ» ይላል። በጣም ሰፋ። በምን እንጀምር? እስከ እሑድ ጻፉልኝ።

አባል፣ ከመዘዞ፦ እኔ በኦፓሉ፣ በከበረው ድንጋያችን፣ ይጀመር ባይ ነኝ። የወሎው የደላንታ ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ከመታወቁ በፊት፣ ገና በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የኛ የመንዙ ኦፓል ገበያ ወጥቶ ነበር። ግን ቆንጆ ቆንጆውን በመስታወት ደርድረን እንዳንቀር። ድንጋዩን ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ቡናማ ድቡልቡል ነገር ነው፣ መንገድ ላይ ቢያገኙት በእግር ገፋ አድርገው የሚያልፉት። ሲፈለጥ ነው ቀዩም አረንጓዴውም የሚበራው። ችግሩ ውስጡ ውሃ አለ፣ ሲደርቅ ብዙው ይሰነጠቃል። አጎቴ አንዱን በጣሳ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ደላላ ሲጠብቅ ከረመ። ደላላው መጣ፣ ድንጋዩ ከውሃ ወጣ፣ ፀሐይ ላይ ሲገላበጥ ዋለ። በሳምንቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ጣለበት፣ በቃ፣ የሚገዛው ጠፋ። እሱ ድንጋይ ዛሬም ቤት አለ፣ እኔ አመጣዋለሁ። ዶማው፣ መሮው፣ የሚወርዱበት ገመድም አብሮ ይታይ። ጉድጓድ ተደርምሶባቸው የቀሩትም፣ ቤተሰብ ከፈቀደ፣ ስማቸው ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ይሄ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

አባል፣ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ከልቤ እደግፋለሁ። የሙሽን ሸለቆም አንርሳ። ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ፣ ከድንጋይ ከሰሉ ጋር፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅጠሎች ድንጋይ ላይ ታትመው ይገኛሉ። የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይታያል! ልጆቹ ይሄን አይተው ደጋችን ድሮ ደን እንደነበረ እኔ ባልነግራቸውም ይገባቸዋል።

አባል፣ ከአንኮበር፦ ልጆቼ፣ አሞሌውስ? ጨው ከኛ መሬት አይወጣም፣ ከአፋር ቆላ ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስና ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ገንዘብም ነበር እኮ። አንድ ጥግ ይሰጠው።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ይሰጠዋል። ቦታውስ?

አባል፣ ከመዘዞ፦ ልቤ መዘዞ ነው ያለው። ግን ደብረ ብርሃን የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ጎራ ይላል። እሺ ብያለሁ። አስጎብኚዎቹ ግን ራሳቸው የቆፈሩ ልጆች ይሁኑ፣ በደመወዝ።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ተቀይሯል፦ «የመጀመሪያው ክፍል የመንዝ ኦፓልና የቆፋሪዎቹ ነው፤ የተሰነጠቀውም ድንጋይ ከነታሪኩ ይቀመጣል።» መምህርት፣ የሙሹን አንቺ ጻፊልን።