ሱርስትሮሚንግ የቀመሰ አለ?

ሸገር_ልጅ፦ ስዊድን ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ኦገስት ላይ ሱርስትሮሚንግ እንብላ ብለው ጋብዘውኛል። የተብላላ የባልቲክ ባሕር ዓሣ ነው አሉ፣ ጣሳው ራሱ ተነፍቶ አየሁት። ይበላል ወይስ ሰበብ ልፈልግ?

የሰሜኑ_ሰው፦ ብላ ባክህ! ሽታው ነው እንጂ ጣዕሙ ጨው የበዛበት፣ ጎምዘዝ የሚል ነገር ነው። ጣሳው የሚነፋው ዓሣው ከታሸገ በኋላም መብላላቱን ስለማያቆም ነው፣ ስለዚህ ውጭ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ክፈቱት፣ አለበለዚያ ፈሳሹ ይረጭና ልብስህን መጣልህ ነው። ለብቻው ደግሞ እንዳትጎርሰው! ቱንብሮድ በሚሉት ስስ ቂጣ ላይ ቅቤ ቀባ አድርገህ በተቀቀለ ድንችና በሽንኩርት ጠቅልለው።

እትዬ_ስቶክሆልም፦ እኔ ጣሳው ሳይከፈት ነው የሸሸሁት። ግን ልጄ፣ ግብዣው እንደ ወጉ በኦገስት ሦስተኛው ሐሙስ ከሆነ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው። ጾመኛ ከሆንክ ሰበቡ ተገኘ።

ሸገር_ልጅ፦ ኧረ ተመስገን! ዓሣ በጾም ይበላል የሚል ብቻ እንዳይመጣብኝ።

የሰሜኑ_ሰው፦ ያንን ክርክር እዚህ አታስጀምሩን። ለቤተሰብ ላሳይ ብለህ ግን አውሮፕላን ላይ ይዘህ እንዳትወጣ፣ ጣሳውን የማይቀበሉ አየር መንገዶች አሉ።