የቮልስዋገን ቁልፍ ጠፋብኝ፤ ነገ ጠዋት መነሳት አለባት

ባለ ቮልሷ፦
ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአባቴን የድሮ ቮልስዋገን ቢትል ቁልፍ ጥዬዋለሁ። ትርፍ የለም። መኪናዋ ሳሪስ አንድ ግንባታ በር ላይ ቆማለች። ነገ ጠዋት አሸዋ የጫነ ሲኖ ስለሚገባ አንሺ ተብያለሁ። ቁልፍ ቀራጮቹ ናሙና ካላመጣሽ አንሠራም ይላሉ። መካኒኩ ደግሞ ማስነሻውን በድሪል በስቼ ላውጣው እያለ ነው። ይብሳው ወይስ ሌላ መላ አለ?

የፒያሳ ልጅ፦
ቮልስ ቁልፍ ትፈልጋለች እንዴ? የሰፈር ልጆች ጥሪና ይግፏት!

ሸገር ሹፌር፦
ቀላል ነው። ስዊች አስገጥሚ። አጠገቡ የሚጫን ደወል መሳይ ታስገቢና ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) በሱ ታስነሻለሽ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚነዳው።

ቁልፍና ቺፕ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ነገሩን ተረጂው። በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጡ ብዙ መኪኖች ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ አላቸው። ብረቱ ተቀርጾ ቢገባ እንኳ ኮምፒውተሩ ቺፑን ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም። ለዚያ ነው የአዲስ መኪና ቁልፍ ውድ የሆነው። ያንቺ ቮልስ ግን ይሄ ሁሉ የለባትም። ቁልፏ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ቺፕና ፕሮግራም እያለ ዋጋ ቢጠራብሽ አትስሚው።

ባለ ቮልሷ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ነገን እንዴት ልለፍ?

ጋራዥ 22፦
ድሪሉን አስቁሚ! የተበሳ ማስነሻ አይመለስም። መሪው ስር ያለ ከሆነ ደግሞ የመሪ መቆለፊያውም አብሮ ይጎዳል። አሁን እነዚህን መልሺልኝ። ማስነሻው ዳሽቦርዱ ላይ ነው ወይስ መሪው ስር? በሩ ተቆልፏል ወይስ ክፍት ነው? በሩና ማስነሻው በአንድ ቁልፍ ነበር የሚሠሩት? መሪውን ስታዞሪው ቀጭ ብሎ ይያዛል?

ሸገር ሹፌር፦
ምን ያስጨንቃል፣ ስዊች ብያለሁ።

ባለ ቮልሷ፦
ማስነሻው መሪው ስር ነው። በሩ ክፍት ነው፤ እንዲያውም ቁልፉ የጠፋኝ ወርጄ ሳልቆልፍ ነው። አዎ፣ በሩም ማስነሻውም አንድ ቁልፍ ነው። ይሄ ለውጥ አለው እንዴ? መሪው ተይዟል።

ጋራዥ 22፦
ዋናው ነገር እሱ ነበር! በአንድ ቁልፍ ከሠሩ ማስነሻውን መንካት የለብሽም። የበሩ እጀታ ይበቃል። በሩን ክፈቺ። ጠርዙ ላይ፣ መዝጊያው አጠገብ፣ ጎማውን ገለጥ አድርጊ። እጀታውን የያዘው ብሎን እዚያ ነው። በካቻቪቴ ትፈቺና እጀታውን ከፊት ጫፉ አላቀሽ ታወጪዋለሽ። እጀታውን ይዘሽ ቁልፍ ቀራጭ ጋ ሂጂ። ናሙናሽ እሱ ነው። አንዳንዱ ላይ የቁልፉ ቁጥር ተመቶበት ይገኛል። ቁጥር ባይኖርም ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የነሐስ ቅጠሎች ከፍታ እያየ ባዶ (ያልተቀረጸ) ቁልፍ ላይ መሞረድ ይችላል። ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ፈልጊ፤ በማሽን ኮፒ ብቻ የሚያደርገው አይሆንም። ሊብሬና መታወቂያ ያዢ። ጨዋ ባለሙያ ይጠይቅሻል፣ መጠየቁም ልክ ነው።

ስዊች ላላችሁት፦ መሪው ተቆልፎ ሞተሩ ቢነሳ ወዴት ነው የምትሄደው? ደግሞስ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያስነሳት መኪና ማን ያሳድራል?

ሜሪላንድ ያለሁ፦
እኔም የ1971 ሞዴል አለችኝ። እዚህ የድሮ ቮልስ መለዋወጫ የሚሸጡ ቤቶች ቁጥሩን ብትልኪላቸው ቁልፉን ቀርጸው ይሰጣሉ። ለነገ አይደርስልሽም። ግን ቁጥሩን ካገኘሽ ፎቶ አንሺና አስቀምጪው። ኦርጅናል ባዶ ቁልፍ እዚያ ከጠፋ በሰው መላክ ይቻላል። ይቺ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጆቹ እስከ 2003 ድረስ ስትመረት ስለነበር ዕቃዋ ገና አልጠፋም።

አጥብቆ ጠያቂ፦
እኔ ሐሳቡ ራሱ አልገባኝም። ለምን ያንኑ ቁልፍ ታስቀርጫለሽ? የጠፋው መንገድ ላይ ያገኘው ሰው እጅ ቢሆንስ? መኪናዋን አጠገቡ ቆማ ካየ ነገ ከነነፍሷ ይወስዳታል። ማስነሻውንም የበሮቹን መክፈቻም ሙሉ በሙሉ ቀይሪ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂጂ።

ባለ ቮልሷ፦
ከአባቴ የቀረ ነገር ነው ወንድሜ። ቁልፉንም እጀታውንም መቀየር አልፈልግም።

ጋራዥ 22፦
ስጋቱ እውነት ነው፣ መፍትሔው ግን ሙሉ በሙሉ መቀየር ብቻ አይደለም። ባለሙያው የነሐስ ቅጠሎቹን አቀያይሮ ያንኑ ኦርጅናል መክፈቻ ለአዲስ ቁልፍ ሊያስተካክለው ይችላል። በሩንም ማስነሻውንም። ግን እሱ የሰላም ቀን ሥራ ነው። መጀመሪያ አንድ ቁልፍ ይኑርሽ። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ማስነሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልፍ የለውም፤ ካለውም ያለቀ ነው። ሳትሞክሪ አትግዢ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቁልፉ ጠበቅ ካለ ዘይት አታስገቢ። ዘይት አቧራ ይዞ ይደርቃል። የመጻፊያ እርሳስ (ግራፋይት) ዱቄት ነፋ አድርጊበት።

የፒያሳ ልጅ፦
አሁን የምሬን ልናገር። ቁልፉ እስከ ጠዋት ካልደረሰ አትጨነቂ። ቮልስ ወደ 800 ኪሎ ናት፣ ሞተሯም ከኋላ ነው። ፊቷ ቀላል ነው። ማርሽ አውጪና የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ስድስት ጎረምሳ ፊቷን አንስቶ ወደ ግድግዳው ያዞራታል። መሪው ቢቆለፍም ችግር የለውም። ባምፐሩን ይዘው እንዳያነሱ ብቻ፤ የዛገ ከሆነ እጃቸው ላይ ይቀራል። ሠፈራችን ውስጥ ስንት ቮልስ እንዲህ አዙረናል!

ሸገር ሹፌር፦
ስድስት ሰው ከመለመን ስዊች አይሻልም?

ባለ ቮልሷ፦
እጀታው ወጣ! ብሎኑ ዝጎ ነበር፣ የጎረቤታችን ልጅ ረዳኝ። ቁጥር አለበት፣ ግን የመጨረሻው አሃዝ 3 ይሁን 8 አይለይም። ቁልፍ ቀራጩ ሳይዘጋ ልድረስበት፣ መጣሁ።

ጋራዥ 22፦
ቅጠሎቹን ካየ አሃዙ አያስጨንቅም። ሁለት አስቀርጪ፣ አንዱን ለእናትሽ ስጪ። ውጤቱን ንገሪን።

ሜሪላንድ ያለሁ፦
እህቴ፣ ተሳካ?

አራት ዜሮ አራት፦
ይቅርታ በመሀል ገባሁ። የኔ ፔጆ 404 ናት። የማስነሻዋ ቁልፍ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል፣ ግማሹ እጄ ላይ አለ። እጀታ የማውጣቱ ነገር ለሷም ይሠራል ወይስ የተሰበረውን መጀመሪያ ላውጣ?