ለሎጅ ግቢ ፋይበር ርካሹ ሌዘር ይበቃል ወይስ ውዱን ልግዛ? (ባሕር ዳር)

ጣና_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላለ አንድ ሎጅ ኔትወርክ እየሠራሁ ነው። ከእንግዳ መቀበያው እስከ ጀልባ ማቆሚያው 700 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እዚያ ካሜራና ዋይፋይ ይፈልጋሉ። እስካሁን የነበረው በየመሃሉ ስዊች እየገባበት የሚሄድ የመዳብ ገመድ ነው። ክረምት መብረቅ በወረደ ቁጥር ፖርት ያቃጥላል። ጣና ዳር የኖረ ያውቀዋል፣ ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስገመግም ያድራል። ስለዚህ ሲንግል ሞድ ፋይበር (ብርሃን በአንድ መንገድ ብቻ የሚሄድበት ቀጭን የመስታወት ክር) እንዘርጋ ብዬ አሳምኛቸዋለሁ።

ጥያቄዬ ስለ ኤስኤፍፒ ሞጁሉ ነው፣ ስዊቹ ላይ ተሰክቶ በፋይበሩ የሌዘር ብርሃን ስለሚልከውና ስለሚቀበለው ቁራጭ። ሁሉም 1 ጊጋቢት ይላል፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ 850 ናኖሜትር ቪክሰል፣ ሌላው 1310 ኤፍፒ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 1550 ዲኤፍቢ 80 ኪሎ ሜትር። ቁጥሩ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው፣ ቪክሰል፣ ኤፍፒና ዲኤፍቢ የሌዘር ዓይነቶች ናቸው፣ ኪሎ ሜትሩ የሚደርስበት ርቀት ነው። ሻጩ "ውዱን ውሰድ፣ አስተማማኙ እሱ ነው" ይለኛል። ባለቤቷ ደግሞ እያንዳንዷን ብር ትጠይቀኛለች፣ ልክም ናት። ርካሹ ሌዘር ምኑ ጎድሎ ነው የረከሰው?

ፖሊ_ኤሌክትሪካል

ወንድሜ፣ የ80 ኪሎ ሜትሩን ተወው። ዋጋውን እንኳ ብንረሳው ለአንተ ርቀት አይሆንም። እሱ ሌዘር ከ0 እስከ 5 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው) ያወጣል። ተቀባዩ ግን ከኔጌቲቭ 3 ዲቢኤም በላይ ሲገባበት መለየት ያቅተዋል። በ700 ሜትር ውስጥ ብርሃኑ ምንም ያህል አይቀንስም፣ ስለዚህ ማዳከሚያ ካልጨመርክ ወይ ስህተት ይበዛል ወይ ተቀባዩ ይጎዳል።

850ውም አይሆንህም። ቪክሰል በጣም ርካሽ የሆነው ብርሃኑ ከቺፑ ገጽ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። ቺፖቹ በጅምላ የሚሠሩበት ሳህን (ዋፈሩ) ገና ሳይቆረጥ ሁሉም ሌዘር ይፈተሻል፣ የተበላሸው ሳይታሸግ ይጣላል። ሐሳቡን በ1977 ያመነጨው ጃፓናዊው ኬኒቺ ኢጋ ነው፣ ትልቅ ሥራ ነው የሠራው። ግን 850 የተሠራው እምብርቱ ሰፊ ለሆነው ለመልቲሞድ ፋይበር ነው፣ በ1 ጊጋቢት ደረጃው የሚፈቅደው ርቀት ደግሞ እስከ 550 ሜትር ነው።

የቀረው 1310 ኤፍፒ ነው፣ የሚያስፈልግህም እሱ ነው። ኤፍፒ ውስጥ ብርሃኑ በሁለት መስታወቶች መሃል ይመላለሳል። መስታወቶቹ ክሪስታሉ ሲሰነጠቅ የሚፈጠሩት ለስላሳ ጫፎች ራሳቸው ናቸው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ረከሰ። ጉድለቱ አንድ ቀለም ብቻ አለማውጣቱ ነው፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን አብሮ ይለቃል፣ ስፋታቸው ሁለት ሦስት ናኖሜትር ይሆናል። ዲኤፍቢ ላይ ግን በቺፑ ውስጥ ጥቃቅን መስመሮች ይቀረጹና አንዱን ሞገድ ብቻ ያስቀራሉ። ያ ቀረጻ፣ ከላዩ እንደገና ክሪስታል ማሳደጉ፣ ብዙ ጊዜም ተመላሽ ብርሃን የሚያግድ አይሶሌተር መጨመሩ ነው ዋጋውን የሚሰቅለው።

ብዙ ቀለም ምን ይጎዳል ካልክ፣ ቀለሞቹ በፋይበሩ ውስጥ እኩል አይሮጡም። በተለመደው ፋይበር 1550 ላይ በየናኖሜትሩና በየኪሎ ሜትሩ 17 ፒኮሰከንድ ያህል ይለያያሉ። በ3 ናኖሜትር ስፋት 20 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከ1,000 ፒኮሰከንድ ያልፋል። የጊጋቢት ኢተርኔት አንዷ ቢት ግን 800 ፒኮሰከንድ ብቻ ናት፣ ቢቶቹ ይደራረባሉ። 1310 አካባቢ ይህ ልዩነት ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ርካሹ ኤፍፒ እዚያ ያለ ችግር ይሠራል።

ስፕላይስ_ቤት

ከላይ ያለው ወንድሜ ሳይንሱን ጨርሶታል፣ እኔ የእጅ ሥራውን ልጨምር።

የ10 ኪሎ ሜትሩ ሞጁል 10 ዲቢ (የብርሃን መቀነስ መለኪያ) ገደማ ብክነት ይችላል። 700 ሜትር ፋይበር ሩብ ዲቢ ነው የሚበላብህ። ማገናኛዎቹ ግማሽ ግማሽ ዲቢ ቢበሉ እንኳ ይተርፍሃል። ጠላትህ ቆሻሻ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርት 9 ማይክሮን ነው፣ የበጋ አቧራ አንዲት ቅንጣት ትዘጋዋለች። ከሌዘሩ በተረፈው ብር ማጽጃ እስክሪብቶ ግዛና በሰካህ ቁጥር አጽዳ።

ሁለተኛ፣ ከመብረቅ ልትሸሽ ከሆነ ብረት ያለበት ገመድ አትግዛ፣ እባክህ። የብረት ጋሻና የብረት መወጠሪያ ያለው ፋይበር መብረቁን ይዞልህ ይመጣል። አይጥ የሚያሰጋህ ከሆነ በመስታወት ክር የተጠቀለለው አለ።

ሦስተኛ ሙቀት። ጀልባ ማቆሚያው ላይ የቆርቆሮ ሳጥን ፀሐይ ላይ ልታቆም ነው አይደል? መጋቢትና ሚያዝያን አስብ። ሌዘር ሲሞቅ ለመብራት ብዙ ከረንት ይፈልጋል፣ ቶሎም ያረጃል። ተራው ሞጁል እስከ 70 ዲግሪ ነው፣ የኢንዱስትሪው እስከ 85። ለዚያ ጫፍ ብቻ የኢንዱስትሪውን ብትወስድ አልቃወምም። ዲዲኤም (ሞጁሉ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚሰጠው መረጃ) ያለው ይሁን፣ ከስዊቹ ሆነህ ሙቀቱንና ከረንቱን ታያለህ። ከረንቱ ከወር ወር እየጨመረ ከሄደ ሌዘሩ እየደከመ ነው፣ ሳይሞት ቀይረው።

ደግሞ ማንም ሰው የፋይበር ጫፍ ውስጥ በዓይኑ እንዳይመለከት። 1310 አይታይም፣ አለመታየቱ ግን ዓይንን ከመጉዳት አያግደውም።

አባይ_ማዶ

እኔ አልስማማም። ነገ 10 ጊጋቢት ቢፈልጉስ? አሁኑኑ ዲኤፍቢ ገዝቶ መገላገል ነው።

ፖሊ_ኤሌክትሪካል

የ1 ጊጋቢት ዲኤፍቢ ሞጁል ነገ 10 ጊጋቢት አይሆንልህም፣ ያኔም ሌላ ትገዛለህ። አዎ፣ 10 ጊጋቢት በ10 ኪሎ ሜትር ሲሆን 1310 ዲኤፍቢ ነው የሚገባው፣ ቢቷ በጣም ስለምታጥር። ግን ሞጁል በደቂቃ ይነቀላል። ተቆፍሮ የሚቀበረው ገመዱ ነው፣ ብር ካለ ኮሩ (በገመዱ ውስጥ ያለው የፋይበር ክር ቁጥር) ላይ ይጨመር።

ቀበሌ_14

ይቅርታ ጥያቄ ላስገባ፣ ቤቴ ያለችው የፋይበር ኢንተርኔት ሳጥን ውስጥም ሌዘር አለ?

ፖሊ_ኤሌክትሪካል

አለ፣ በ1310 ወደ ላይ የሚልክ። ጂፖን (አንድ ፋይበር ለብዙ ቤት የሚያካፍለው አሠራር) ከሆነ ከጣቢያው በ1490 የሚመጣው ብርሃን በስፕሊተር፣ ማለትም በብርሃን ማከፋፈያ፣ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ለ32 ሲከፈል ብቻ 17 ዲቢ ገደማ ይጠፋል፣ ስለዚህ የጣቢያው ሌዘር ጠንካራ መሆን አለበት። ወጪው ግን ለሁሉም ቤት ስለሚካፈል አይከብድም። በየቤቱ የሚቀመጠው ነው መርከስ ያለበት፣ የፋይበር ዋጋ ሰፈር ድረስ የወረደውም በዚህ ነው።

ጣና_ዳር

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። 1310 ኤፍፒ፣ ለጀልባ ማቆሚያው የኢንዱስትሪ፣ ገመዱ ብረት የሌለበት። አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ኮር መላኩንም መቀበሉንም የሚሠራውን ቢዲ ሞጁል ልውሰድ?

ስፕላይስ_ቤት

ስንት ኮር ነው የምትዘረጋው? 4 ከሆነ አያስፈልግህም፣ በሁለቱ ሥራና ሁለቱን ለመጠባበቂያ ተው። ወደፊት አንዱ ኮር ቢበጠስ ያኔ ቢዲ ጥንድ ታስገባለህ። አንዱ ጫፍ በ1310 የሚልክ፣ ሌላው በ1550 ወይም በ1490 የሚልክ መሆን አለበት፣ ሁለት ተመሳሳይ ከገዛህ አይገናኙም። የ1550ው ወገን ብዙ ጊዜ ዲኤፍቢ ስለሆነ ዋጋው ቢለያይ ሻጩ አታለለኝ አትበል።