«ማስረጃ ከመልቀም በቀር» ስለተባለው ዳርዊን

ኩርንችት፦ ዛሬ የሰማሁት አንድ የውይይት ፕሮግራም እስካሁን እያበሸቀኝ ነው። እንግዳው ደረቱን ነፍቶ «ዝግመተ ለውጥን ግሪኮች ድሮ ጨርሰውታል፤ ዳርዊን ማስረጃ ከመልቀም በቀር ምንም አልጨመረም» አለ። አቅራቢው «ይገርማል» ብሎ አለፈ። እዚህ ቤት ጥንት ወዳዶች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በሉ ተከላከሉለት።

መዝገቡ፦ ምኑ ነው ያበሸቀህ? ሰውዬው ልክ ነው። ግሪኩ ፈላስፋ አናክሲማንደር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰውን ከዓሣ መሰል ፍጥረት አወጣው። ከሱ በኋላ ሌላው ግሪክ ፈላስፋ ኤምፔዶክለስ መጥቶ የማይሆነው ጠፋ፣ የሚሆነው ተረፈ አለ። ሌላ ምን ቀረ? ዝርዝር።

ጉድ_ፈላ፦ «ዝርዝር»! ኪኪኪ። ጨረቃ ላይ መውጣትም ዝርዝር ነው።

ኩርንችት፦ ጋሽ መዝገቡ፣ አናክሲማንደር ያለውን እስከ መጨረሻው ይንገሩን እንጂ። የሰው ሕፃን ብዙ ዓመት ካልታቀፈ ይሞታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዓሣ መሰል ፍጥረት ሆድ ውስጥ አድገው፣ ራሳቸውን ሲችሉ ወጡ ነው የሚባልለት። ዓሣው ቀስ በቀስ ሰው ሆነ አላለም። ያውም የምናውቀው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ሰዎች ሲያወሩለት ነው። ኤምፔዶክለስ ጋ ደግሞ አንገት የሌለው ራስና ትከሻ የሌለው ክንድ ለየብቻ ሲንከራተቱ እንዳጋጣሚ ይገጣጠማሉ። የበሬ ራስ ያለው ሰው ሁሉ አለ። ያልሆነለት ጠፋ። ልጅ ከወላጁ ትንሽ ተለይቶ፣ ያንን ልዩነት ለልጁ አወረሰ የሚል ነገር የት አለ?

መዝገቡ፦ መጥፋትና መትረፍ ግን አለበት። ዋናው እሱ ነው። ዳርዊን ራሱ አምኗል እኮ! «የዝርያዎች አመጣጥ» በተባለው መጽሐፉ ኋለኛ እትሞች መጀመሪያ ላይ የቀደሙትን ሲዘረዝር በግርጌ ማስታወሻ አርስቶትልን ጠቅሶ፣ የተፈጥሯዊ ምርጫ (ለኑሮ የተስማማው ይተርፋል የሚለው ሐሳብ) ጥላ እዚህ ይታያል ብሏል። ባለቤቱ ያመነውን እናንተ ምን አገባችሁ?

ፊደል_ቆጣሪ፦ ይህንን ስጠብቅ ነበር። ያ የግርጌ ማስታወሻ ዳርዊን የሳተበት ቦታ ነው። አንድ ሰው ጥቅሱን ተርጉሞ ላከለት፣ እሱም አመነው። ጥቅሱ የፊት ጥርስ ለመቁረጥ የሾለው፣ መንጋጋ ለማላመጥ የሰፋው በአጋጣሚ ቢሆንስ? ይላል። አርስቶትል ግን ይህን ያነሳው ሊያፈርሰው ነው። ጥርስ ዘወትር በዚያው መልክ ይበቅላል፣ ዘወትር የሚሆን ነገር ደግሞ አጋጣሚ አይደለም ብሎ ይዘጋዋል። ለሱ ዝርያ ዘላለማዊ ነው። ጋሽ መዝገቡ፣ ምስክር ብለው ያቆሙት ሰው የሚመሰክረው ለሌላው ወገን ነው።

ጉድ_ፈላ፦ ምስክሩ ከዳ!

መዝገቡ፦ አልከዳም። ሊያፈርሰው ከተነሳ ሐሳቡ ነበረ ማለት ነው። የሌለ ነገር አይፈርስም። ደግሞ ሮማዊውን ባለቅኔ ሉክሬሽየስን ለምን ዘለላችሁት? ምድር መጀመሪያ እግር የሌላቸው፣ አፍ የሌላቸው ፍጥረቶች አወጣች፤ መብላትም መራባትም አቅቷቸው ጠፉ ይላል። መራባት! «ልጅና ወላጅ የት አለ» ላልከው።

ሚጡ፦ ሁሌ ግሪክና ሮም። ዐረቡ ጸሐፊ አል-ጃሂዝ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባስራ ላይ ስለ እንስሳት ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል፤ ማን ማንን እንደሚበላ ሁሉ አለበት። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 ከማዕድን ወደ ዕፅዋት፣ ከዕፅዋት ወደ እንስሳት፣ ከዝንጀሮ ወደ ሰው የሚያያዝ ሰንሰለት አስቀምጧል። ይሄ ሲነሳ ግን ሁሉም ጭጭ።

ፊደል_ቆጣሪ፦ ማን ጭጭ አለ? አል-ጃሂዝ የተፈጥሮን ሽሚያ በደንብ አይቷል። በስሙ የሚዞሩት አንዳንድ ጥቅሶች ግን ዳርዊን እንዲመስል ተብለው የተለጠጡ ናቸው። የኢብን ኻልዱንም ሰንሰለት የደረጃ ሰንሰለት ነው። ማን ከማን በላይ ነው ይላል እንጂ በጊዜ ሂደት ማን ከማን ወረደ አይልም።

ሚጡ፦ የግሪክ ሲሆን «ሐሳቡ ነበረ»፣ የዐረብ ሲሆን «የተለጠጠ»። ገብቶኛል።

ፊደል_ቆጣሪ፦ «ሐሳቡ ነበረ» ያልኩት እኔ ነኝ? ጋሽ መዝገቡ ናቸው! እኔ የግሪኩንም አልተቀበልኩም። ከላይ አንብቢ።

ሚጡ፦ አነበብኩ። ቃናህንም አነበብኩ።

የዋላስ_ጠበቃ፦ ይህን ሁሉ ስትነታረኩ የተፈጥሮ አጥኚው የዋላስ ስም አንዴም አልተነሳም። ዳርዊን ሐሳቡን 20 ዓመት ይዞ ተቀመጠ። ዋላስ ያንኑ ሐሳብ ራሱ ደርሶበት፣ በትኩሳት ተይዞ በጥቂት ቀን ጻፈው፣ በ1858 ላከለት። ደብዳቤው ባይደርስ የዳርዊን መጽሐፍ በ1859 ይወጣ ነበር?

ጉድ_ፈላ፦ ጠበቃው ደረሰ። ችሎት ይጀመር።

ኩርንችት፦ የዋላስን ድርሻ የካደ የለም፣ በጁላይ 1858 የሁለቱም ጽሑፍ አብሮ ተነቧል። እኔ ግን ከዚያች «ማስረጃ ከመልቀም በቀር» አልወጣሁም። ዳርዊን ዘር ወደ ሩቅ ደሴት በባሕር ተንሳፍፎ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ለማወቅ የ87 ዓይነት ተክል ዘር ጨው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ። ከ28 ቀን በኋላ 64ቱ በቀሉ። ጥቂቶቹ 137 ቀን ቆይተው በቀሉ። ይሄ መልቀም ነው? ይሄ መልቀም ከሆነ የእናንተዎቹ ፈላስፎች ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ነበር።

መዝገቡ፦ ሥራውን አልናቅሁም። ግን ጎበዝ ለቃሚም ለቃሚ ነው።

ኩርንችት፦ ምን እንደሚለቅም በምን አወቀ? ጥያቄ ስለነበረው ነው! ሊኖር ከሚችለው በላይ ይወለዳል፤ የተወለዱት ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ይወረሳል። ሦስቱን አንድ ላይ ካያያዝክ ዝርያ መለወጡ አይቀርም። ይህንን ከኤምፔዶክለስ አውጡልኝ።

መዝገቡ፦ ከኤምፔዶክለስ ለምን? ከስኮትላንዱ አትክልተኛ ከፓትሪክ ማቲው ላውጣልህ። በ1831፣ ዳርዊን ለጥናት ጉዞው መርከብ በተሳፈረበት ዓመት፣ ሦስቱንም ጽፏቸዋል። ዳርዊንም በኋላ ቀድሞኛል ብሎ አምኗል።

ፊደል_ቆጣሪ፦ አዎ፣ ስለ መርከብ እንጨት በተጻፈ መጽሐፍ አባሪ ላይ! ከዚያ እስከ 1860 ዝም። ዳርዊን ሲታወቅ ነው «የኔ ነው» ብሎ ለጋዜጣ የጻፈው። ሐሳብ ብቻውን የትም እንደማይደርስ ከማቲው የተሻለ ማሳያ የለም። ከፈረንሳዊው ተፈጥሮ አጥኚ ከላማርክ ጋር አስተያዩት። እሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዝርያ ይለወጣል ሲል ሰው ተነስቶ ሞገተው። ሌላው ፈረንሳዊ ሊቅ ኩቪየ ከግብፅ የመጣ የደረቀ የወፍ ሬሳ አውጥቶ፣ በዚህ ሁሉ ሺህ ዓመት ምኑ ተለወጠ? አለ። የላማርክ ወገን ጊዜው አጭር ነው አለ። ይሄ ክርክር ነው። ኤምፔዶክለስን በምን ትሞግተዋለህ?

ጉድ_ፈላ፦ በበሬው ራስ።

ተጠራጣሪ፦ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ልዩነቱ ይወረሳል» አላችሁ። እንዴት? ዳርዊን አያውቅም ነበር። ኢንጂነሩ ጄንኪን በ1867 የወላጆች ጠባይ ከተቀላቀለ አዲሱ ልዩነት በጥቂት ትውልድ ይሟሟል ብሎ ሲሞግተው አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። መነኩሴው ሜንዴል ጠባይ እንዴት እንደሚወረስ በ1866 አሳትሞ ነበር፣ ግን እስከ 1900 ልብ ያለው የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ በእናንተ መስፈርት ዳርዊንም ግማሽ ነው።

መዝገቡ፦ ተባረክ! ግማሽ!

ኩርንችት፦ ግማሽ አይደለም! መወረሱን ማየትና እንዴት እንደሚወረስ ማወቅ ይለያያል። የርግብ አርቢዎች ጋ እየሄደ በዓይኑ አይቷል።

መዝገቡ፦ ሉክሬሽየስም በዓይኑ አይቷል። ልጆች አያታቸውን ይመስላሉ ብሎ ጽፏል።

ኩርንችት፦ እሱንማ የማንም አያት ያውቃል!

የዋላስ_ጠበቃ፦ እኔን ግን አልመለሳችሁልኝም። ደብዳቤው ባይደርስስ?